እናታችን የረሳችው ስም

ውድ እታለም፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበይኝ፤ ቃሌን የማበዛው ስለ እናታችን ነውና። አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው፦ ደኅና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ፀሐይ ስትወጣ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። የከዳት ማስታወሷ ብቻ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ከቤቷ የወጣሽበትን ቀን አልረሳሁትም። እንደ ልማድሽ እጇን ይዘሽ ጸሎት ጀመርሽ። እሷ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀችና፣ «ይሄ ጌታ የምትዪው ሰውዬ ማነው? እኛ ሰፈር ነው የሚኖረው?» አለችሽ። ሳቄ መጣ፤ ፊትሽን ሳይ ግን ተውኩት። በሩ ጋ ስትደርሺ፣ «የተመረጠ ሰው እስከ መጨረሻ ይጸናል እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ። ከመጀመሪያውም ያልተመረጠች ብትሆንስ?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ደጃፏን አልረገጥሽም። ስደውልልሽም፣ «አልችልም ወንድሜ፤ ባየኋት ቁጥር የመመረጧን ምልክት ነው የምፈልገው» ብለሽ ትዘጊያለሽ።

በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተሟገትን! አንቺ፣ እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር የራሱን መርጧል፣ የመረጠውንም አይጥልም ትያለሽ። እኔ ደግሞ፣ ጸጋው ለሁሉ ተዘርግቷል፣ እጁን ሰድዶ መቀበል ግን የሰው ድርሻ ነው እላለሁ። እሑድ እሑድ ከየቤተ ክርስቲያናችን ወጥተን እናታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ስንገናኝ፣ ጎረቤት የውርስ ጠብ ይመስለው ነበር። እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «እግዜርን ለሁለት ልትቆርጡት ከሆነ መቀሴን አልሰጥም» ስትለን፣ አንቺ፣ «እማ ደግሞ! ቁም ነገር እያወራን እኮ ነው» ትያት ነበር። «እኔስ ቀልድ አወራሁ?» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የእኔም ትምህርት አላዋጣኝም። መቀበል የሰው ድርሻ ከሆነ፣ የእሷ እጅ ዝሏል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጸሎቱን ላስታውሳት ሞከርኩ። «በይ እማ፣ እኔን እየተከተልሽ በይ።» ጥቂት ቀን ታገሠችኝ። በመጨረሻ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ «ጌቶች፣ ምን አጥፍቼ ነው የሚመረምሩኝ?» አለችኝ። የወለደችኝ እናት አንቱ አለችኝ። ተንከባካቢዋ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «ጡረታ ወጥቻለሁ አላሉም እንዴ?» ስትል ተረበችኝ። እውነቷን ነው። በዳኝነት ያሳለፍኩት ዘመን አልበቃ ብሎኝ የእናቴን መኝታ ቤት ችሎት አድርጌው ነበር።

ያን ዕለት ምርመራዬን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እዚያ ያጽናናኝ የማን ቃል እንደሆነ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ የአንቺው ነው። ሰው የሚድነው እግዚአብሔር ስለያዘው ነው የምትዪው። እሷ ስሙን ብትረሳ፣ እሱ ስሟን አልረሳም። ዘመኔን ሙሉ የተሟገትኩት ቃል እንዲህ ያሳርፈኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ታዲያ እኔ ባረፍኩበት ቃል ላይ አንቺ ባለቤቲቱ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ? ምርጫው በሰው ሥራ አይደለም ካልሽ፣ በአንዲት አሮጊት ማስታወስ ላይ እንዴት ሊቆም ቻለ?

ደግሞ ጠቅልሎ ወደ እኔ ወገን ተሻገረ ብለሽ እንዳትፎክሪ! የሰው እሺታ ዋጋ ከሌለው፣ እናታችን ያን ሁሉ ዘመን በየማለዳው እሺ ስትል የኖረችው ለምን ነበር? ይህን ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ትመልሽልኛለሽ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ትናንት ምሳ ቀርቦላት አልበላም አለች። ተንከባካቢዋ ብታባብላት፣ እኔ ብለምናት፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች ቀረች።

«ምን ሆነሽ ነው እማ?» አልኳት።

«ያቺ ጯሂዋ ልጅ አልመጣችማ።»

«የትኛዋ?»

«ያቺ ነቻ! እዚህ ቁጭ ብላ ጠረጴዛ የምትደበድበው። ከእርስዎ ጋር የጀመራችሁት ነገር ነበር፤ ሳትጨርሰው የት ሄደች?»

እታለም፣ ስምሽን አታውቀውም፤ የእኔንም አታውቀውም። ከምንሟገትበት ነገር አንዱን እንኳ አታስታውስም። እየጠበቀችሽ ግን ነው። ይህን የመመረጧ ማስረጃ ነው ብዬ አላቀርብልሽም፤ ፍርዱ የእሱ ነው፣ እኔም መሐሪ መሆኑን አምናለሁ። የምለምንሽ የፊታችን እሑድ እንድትመጪ ነው። ጸልዪላት፤ እንድትደግምልሽ አትጠብቂ፣ ድምፅሽን ትስማው። ከዚያ ወንበርሽን ስበሽ ካቆምንበት ቀጥዪ። በቀላሉ እንደማልረታ ታውቂያለሽ።

ብቻ አደራሽን፣ ስትመጪ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ እንዳትናገሪ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ