ደጋፊ ይዘሽ ነይ ስለተባለችው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ፈጣሪ ጤናን አትረፍርፎ ይስጥልኝ፤ ከተረፈዎት ወደ መጠለያችንም ቢልኩልን አንጠላም።

ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ጉድ ላውጣ። ባለቤቴ ባረፈች ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ ለመጡት ሁሉ “ጉበቷ ነው” ያልኩት ሐሰት ነበር። የገደላት ኤችአይቪ ነው፤ እኔም አግዤዋለሁ። መድኃኒት ለመጀመር ከቤተሰብሽ ደጋፊ ይዘሽ ነይ በተባለች ጊዜ ያላት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰው ያየኛል ብዬ ከጤና ጣቢያው በር ወዲህ ቀረሁ። ባሌ ሥራ ሄዷል ብላ ዋሸችልኝ። ጠዋት ማታ የምጸልይ ሰው ነኝ፤ ለካ የምፈራው ጎረቤትን ኖሯል።

እንዲህ ያለ ሰው ሌላውን ለመውቀስ አፍ ስለሌለው፣ የምጽፍልዎት ምስጋና ነው።

1. ለኤችአይቪ ታካሚዎች ሐሙስን ለይተው፣ አግዳሚ ወንበራቸውንም ከውኃው ቦኖ ፊት ለፊት ስላስቀመጡላቸው እናመሰግናለን። ባልዲ ይዞ የተሰለፈ ሁሉ ማን እንደታመመ አይቶ ይገባል፤ በመጠየቅ አይደክምም። በሰፈራችን የበሽታው ስም ራሱ ተቀይሮ፣ ሴቶቹ ሲጣሉ “ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ ሐሙስ” ይባባላሉ።

2. ምስጢራችንን የሚጠብቅ አስተርጓሚ ከመካከላችን መርጠው ስለቀጠሩልንም እግዜር ይስጥልን። ሱቅ ስላለው፣ ከታካሚ የሰማውን በማግስቱ ስኳር እየመዘነ ያጫውተናል።

3. ታማሚ ብቻውን እንዳይሆን ብለው ደጋፊ ማስፈለጉን መደንገግዎ የአባት አሳብ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ግን እናቷንም ወንድሞቿንም በስደት መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ናት። መድኃኒቱን ለመጀመር በተመላለሰች ቁጥር “ደጋፊሽስ?” ትባል ነበር። የሰፈሩን ልጆች ሱሪ ስትጠግን የኖረች ሴት፣ አሁን ዓይኗ ደክሞ መርፌውን ክር አስገባልኝ ብላ ለእኔ ታቀብለኛለች። (ጉዳይዋን በአደባባይ ልጻፈው ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ “ጻፈው ጋሼ፣ ሱቁ ቀድሞሃል” ብላ ሳቀችብኝ።) እኔ ደጋፊ ልሁናት ብዬ መሥሪያ ቤትዎ ብመጣ፣ ጸሐፊው በትሕትና፣ “አባባ፣ ደንቡ በአንድ የስደተኛ ካርድ ላይ የተመዘገበ ቤተሰብ ነው የሚለው፤ ጎረቤት ዘመድ አይሆንም” አለኝ። እውነቱን ነው። ዘመድ የነበርኩ ጊዜ የሠራሁትን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሌላም ብዙ ምስጋና ነበረኝ፤ ነገር ግን ጊዜዎ ውድ ነው፣ የእኛ ደግሞ እያለቀ ነው።

ከመንገድዎ ዞር እስክንልልዎ ድረስ ደንብዎን አክባሪ፣ ባለቤቱን በደንቡ መሠረት የቀበረ፣

ትሑት ስደተኛዎ

ማስታወሻ፦ ደንብዎ አልተነካምና አይስጉ። ልብስ ሰፊዋ ከፍራሿ መነሣት ካቆመች ሰንብታለች፤ መሥሪያ ቤትዎም ማንኛውም የካርድ ለውጥ እስኪጣራ ሳምንታት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በሕይወት ሳለች ይደርስላታል ብዬ ራሴን አላታልልም። ሰፈሩም ካሁኑ “ለካ እሱም አለበት” ማለት ጀምሯል፤ ይበል። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ምዝገባ ቢሮ ሄጄ፣ ከሟች ባለቤቴ ጋር የተመዘገብንበትን ካርድ አስረከብኩና በልብስ ሰፊዋ ካርድ ላይ፣ ከስሟ ሥር፣ ቤተሰብ ተብዬ ተመዘገብኩ።