የነርስ «አፍ ክፈት» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ነርስ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከወንዝ ማዶ ባለው ሠፈር ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አምስተኛው ናቸው። የተወለዱበትን ቀን የያዘ ወረቀት የለም፤ ታላቅ እህታቸው ግን አትረሳውም፤ አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናትና። ጀርባዋ ላይ ሆነው ፀጉሯን ሲነጩ ነው ያደጉት። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገቡ። አባት «ሁለት ማስተማር አልችልም» ስላሉ እህት ቤት ቀረች። ይህ ለወቀሳ አልተነሣም። ለወቀሳው ሌላ ነገር አለ።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ጨርሰው በነርስነት ተመረቁ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው በጤና ጣቢያችን የቲቢ ክፍል ተመደቡ። ሌላው ሁሉ የሸሸው ክፍል ነበር፤ እሳቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆዩበት።

በኮሪደሩ ጫፍ፣ አረንጓዴ ቀለሟ በተላጠ መስኮት፣ በየማለዳው ክኒን ይሰጣሉ። ሰጥተው ግን አይለቁም። ታማሚው እፊታቸው ይውጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ «አፍ ክፈት! ምላስ ወደ ላይ! ጉንጭህን አሳየኝ!» ይባላል። ስማቸውም በዚያው «አፍ ክፈት» ሆኖ ቀረ። አንዱ ዘበኛ «ጋሼ፣ የጥርስ ሐኪም ሆኑ እንዴ?» ቢላቸው፣ «ጥርስህማ የሚታይ አይደለም፤ ምላስህን አንሣ!» አሉት ይባላል።

ሁለት ቀን የቀረውን በሦስተኛው ቀን በእግራቸው ሄደው ከቤቱ ያወጡታል። አንድ ግንበኛ መድኃኒት በጀመረ በሁለት ወሩ ሳሉ ቆመለትና «ድኛለሁ» ብሎ ቀረ። ነርሱ ክኒንና የውኃ ጠርሙስ ይዘው በየማለዳው ከሚሠራበት መወጣጫ ሥር ይቆሙ ጀመር። «ሳል ቆመ ማለት በሽታው ሄደ ማለት አይደለም፤ ተደብቆ ነው፤ ውረድ!» እያሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሳቀበት አስጨረሱት። ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

በሠላሳ ዓመታቸው አንዲት ልብስ ሰፊ አግብተው መምህሯን ሴት ልጃቸውንና ሾፌሩን ወንድ ልጃቸውን አፈሩ። ባለቤታቸው ከአራት ዓመት በፊት ዐርፈዋል።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ሳል ያዛቸው፤ ሲመረመሩ ያው ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት በሽታ ሆነ። «በዚያች መስኮት በዚያኛው በኩል አልሰለፍም» አሉ። ስለዚህ ቤታቸው ሆነው እንዲወስዱ፣ እህታቸውም ሲውጡ እያየች ካርድ ላይ ምልክት እንድታደርግ ተፈቀደ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በስተርጅና እስክሪብቶ ጨበጠች። በየማለዳው ክኒኑን አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩ፣ ውኃ ሲጠጡ፣ አፋቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አየች፤ ከዚያ ልቧ እየኮራ ምልክቷን አደረገች። አፍ ክፈት አላለቻቸውም። «አፍ ክፈት»ን ማን አፍ ክፈት ይላል?

በሁለት ወራቸው ፊታቸው መለስ አለ። በአራተኛው ወር ግን ደም እስኪተፉ ሳሉ፤ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ «እማማ፣ በእርግጥ ሲውጡ አይተዋል?» አላት። «ወንድሜ ይሙት!» ብላ ማለች። ወንድሟ በተኙበት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግሥቱ እዚያ ተኝተው እንዳይሰለቻቸው ብላ፣ ስድስት ትልልቅ ባትሪ የሚይዘውን አሮጌ ሬዲዮናቸውን ልትወስድላቸው አሰበች። ሁለት ወር ሙሉ «ባትሪ ጨርሷል፣ ተዪው» ሲሏት ከርመዋል። አዲስ ባትሪ ገዝታ ጀርባውን ብትከፍተው ክኒን ዘረገፈ። ቀለሙ በምራቅ የለቀቀ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የሁለት ወር ክኒን። ለካ የዋጠው ሬዲዮኑ ነበር።

እንዳለ ተሸክማ ሄዳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። «እህት ዓለም፣ ስውጠው በሽተኛ ነኝ። ሳልውጠው ግን ያው ነርስ ነኝ» አሉ።

«እኔስ? በአንተ የማልኩት እኔ ምንድን ነኝ?» አለች።

እሷ ለሐኪሙ ተናገረች፤ መድኃኒቱም እንደ አዲስ ተጀመረ። ሳንባቸው ግን አልጠበቀም። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጆቻቸው «አክስቴ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ፤ ነገሩ ከእኛ አይውጣ» ብለው ለምነዋታል። ልትሰማቸውም ነበር። ትናንት ግን በእሳቸው የተተካችው ነርስ ለቅሶ መጥታ፣ መስኮቷ ጋ የሚወራውን ነገረቻት። «መድኃኒቱ ለእሳቸው ለራሳቸው ካልሆነ፣ እኛን ምን ያንገላታናል?» እየተባለ ነው። አራት ሰዎች ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀርተዋል።

ስለዚህ «በሰው ፊት ይነበብ» አለች። መድኃኒቱ አልከዳቸውም፤ እሳቸው ናቸው የከዱት። ያዘለቻቸውን እህታቸውንም ከድተዋል። ካርዱ ላይ ያለው የመጨረሻው የሁለት ወር ምልክት ውሸት ነው። ጤና ጣቢያው «አንዴ የተመዘገበ አይሰረዝም» ስላላት፣ እዚህ ቆማ ሰርዛዋለች።

ነርሱ አንዲት እህት፣ ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል። በእሳቸው እጅ ክኒን ውጠው የዳኑትን ማንም ቆጥሮ አልጨረሳቸውም። የሠላሳ ስምንቱን ዓመት ማለዳ ፈጣሪ ያስብላቸው፤ የሁለቱን ወር ይተውላቸው። እህታቸው ገና አልተወችም፤ ስትተው ለራሳቸው መቃብራቸው ድረስ ሄዳ ትነግራቸዋለች።

ነገ ማለዳ መስኮቷ ትከፈታለች። እህታቸው ከነርሷ ጎን በርጩማ ይዛ ትቀመጣለች። ማንበብ አትችልም፤ የሰው አፍ ግን ከእንግዲህ ሳታይ አትለቅም። የቀራችሁትን አራታችሁንም በመልክ ታውቃችኋለች።

ነፍሳቸው ዕረፍት ታግኝ። እናንተ ግን አፍ ክፈቱ።