ብዕሩ ሳይከደን አልተተወም

ግንቦት 23 ቀን

ለባለቤቴ፣

«በስድስት ወር ውስጥ ካንተ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ እሱም ግማሽ ገጽ ነው። ምክንያትህ ብዕሩ ቀለም እያደረቀ አስቸገረኝ የሚል ነው። ብዕር በራሱ አይደርቅም። ሳይከድን የሚተወው ሰው ነው የሚያደርቀው። እዚህ ቋሚ ቅጥር አቅርበውልኛል። ሰኔ 15 ወይ ፈርሜ እመልሳለሁ፣ ወይ ሳልፈርም እመልሳለሁ። አስተያየት ካለህ ጻፍ።»

ይህ ቃል በቃል ያንቺ ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የደረሰኝ ግንቦት 2 ነው። መልሱን ለማዘጋጀት ሃያ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ለምን እንደፈጀ ስታነቢ ይገባሻል።

ጤናዬ ደህና ነው። ቤቱም ደህና ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን አቁሟል፤ ሰው ሳልጠራ እኔው ነኝ የሠራሁት። መስኮቱ ላይ ከተውሻቸው ሦስት አበቦች ሁለቱ አሉ። ስለ ሦስተኛው በዚህ ደብዳቤ አንነጋገርም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። «ሳይከድን የሚተወው ሰው» ብለሻል። እኔን! ሃያ ስድስት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ሳልከድን የተውኩት ነገር ካለ እስቲ አንድ ጥቀሽልኝ። የጨው ዕቃ? የጥርስ ሳሙና? ድስት? በር ቆልፌ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ እንደገና ወጥቼ መቆለፉን የማረጋግጥ ሰው ነኝ፤ በዚህ ምክንያት ስንት አውቶቡስ እንዳመለጠሽ ስትነግሪኝ ነው የኖርሽው። አንድ ሰው ደጋግሞ ይቆልፋል ተብሎም፣ ክፍት ይተዋል ተብሎም ሊከሰስ አይችልም። አንዱን ምረጪ።

«ታዲያ በሌላ እስክሪብቶ አትጽፍም ነበር?» ትይኝ ይሆናል። አልጽፍም። ይህን ብዕር በመጀመሪያ ደመወዝሽ ገዝተሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ ላንቺ የጻፍኩት ሁሉ በሱ የተጻፈ ነው። ስልክም ቢሆን የከለከልሽው አንቺው ነሽ። «በስልክ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ታርመኛለህ፤ ስታመም ወይም ስትታመም ብቻ እንደዋወል፤ ሌላውን ጻፍልኝ» ብለሽ ሄድሽ። ቃሌን ጠብቄአለሁ። አልታመምኩም፣ አልደወልኩም።

ስለዚህ በንዴት ሳይሆን በማስረጃ ልመልስልሽ ወሰንኩ። ሥራዬን ታውቂያለሽ። በቀን አርባ ጠርሙስ ውሃ መርምሬ ይጠጣል፣ አይጠጣም ብዬ የምፈርም ሰው ነኝ፤ ባልተለካ ነገር ላይ አልፈርምም። ግንቦት 4 ጠዋት ብዕሩን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀለም ሞላሁት፤ ከደንኩትም። ከዚያ ለሚዛን ክፍሏ ባለሙያ አስረከብኳት። ያቺን ሳቂታ ታስታውሻታለሽ።

«ጋሼ፣ ይህን ደግሞ ምን ላድርገው?»

«በየጠዋቱ መዝኚው፤ ሳትከፍቺ። መዝገብ ላይ አስፍሪ፤ ማንም እንዳይነካው ቆልፊበት።»

«አመመው እንዴ?»

«መዝኚ አልኩሽ።»

በሦስተኛው ቀን ከኮሪደሩ ማዶ ሆና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ በሽተኛዎ ዛሬም ከሳ!» ብላ ጮኸችብኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ። ቁጥሩ ግን አይሳቅበትም፤ ብዕሩ ስድስት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ ከአርባ ሚሊግራም በላይ ቀንሷል። ተከድኖ! ተቆልፎበት! የመዝገቡን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የወገንኩ እንዳይመስልሽ በየመስመሩ የፈረመችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

እዚህ ላይ አቁሜ ብልክልሽ ኖሮ ያለ ጥርጥር ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ግን የተከደነ ነገር ለምን ይደርቃል? ይህ ካልተመለሰ ሥራው ግማሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ግማሽ ሥራ ፈርሜ አላውቅም።

ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ሥር አንድ ሰዓት ሠሪ አሉ። ሱቃቸው ከቁም ሣጥናችን አይሰፋም። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፤ እኔን በሃምሳ ስድስት ዓመቴ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ብዕሩን ተቀብለው፣ ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ወዲያ ወዲህ አገላበጡት።

«ማነው የሚከድነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው አይነካውም?»

«ማንም።»

«እስቲ ክደነው ልይህ።»

ከደንኩት፤ እንደ ሁልጊዜው። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ያመማቸው ይመስል ፊታቸውን አኮማተሩ።

«አንተ ልጅ፣ ከዚህ ብዕር ጋር ምን ጠብ አለህ?»

«ምን ማለትዎ ነው? በደንብ ከደንኩት እንጂ!»

«በር ስትዘጋ ጎረቤት ይሰማሃል አይደል?»

«የበሩ ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም።»

«ሚስትህስ? ጠርሙስ አልከፈት ሲላት አንተን ትጠራለች?»

«ትጠራኛለች» አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«አጥብቀህ የከደንከው አንተው ነሃ!»

ይህን ስታነቢ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂና ቀጥዪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክዳኑ ውስጥ ሌላ ትንሽ ክዳን አለ፤ የብዕሩን ጫፍ አየር እንዳያገኘው አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አውልቀው ሰጡኝና በገዛ ዓይኔ አየሁት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ከአፉ እስከ ሥሩ። «ሳይከደን ስለቀረ አይደለም የደረቀው» አሉኝ። «ከልኩ በላይ እያጠበቅክ ስለከደንከው ነው። በቃ ሲልህ ማቆም ነበረብህ፤ አንተ ግን አንድ ዙር ትጨምርለታለህ።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው፤ ላንቺ የሚያስፈልገው እሱ ነዋ። «ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ አለዚያ ምንም አልጽፍም» አሉኝ። ተከራከርኩ። ሰዓታቸውን መጠገን ቀጠሉ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጻፉ፤ ወረቀቱን አያይዣለሁ። እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ከሌላ አገልግሎቱን ከጨረሰ ብዕር ውስጠኛውን ክዳን አውጥተው፣ በአሸዋ ወረቀት እያሻሹ ልኩን አስተካከሉለት። አራት ቀን ፈጀባቸው። እንዴት እንደሚከደንም አስተማሩኝ፤ በሁለት ጣት፣ ሲነካ ማቆም። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ክዳን መክደን ተማርኩ ማለት ነው። ብዕሩን ወደ ሚዛን ክፍሉ መለስኩት፤ በሦስት ቀን አንድ ሚሊግራም እንኳ አልቀነሰም። «ጋሼ፣ ዳነልዎት!» አለች ልጅቷ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኛል።

ግንቦት 18 የእረፍት ቀኔ ነበር። ጠዋት መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ ብዕሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ፊደል ልጽፍ ስል ቀለም የለም። ደርቋል!

ምን ያህል እንደተናደድኩ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ካፖርቴን እንኳ በደንብ ሳልቆልፍ ፖስታ ቤቱ ሥር ደረስኩ።

«ሠርቻለሁ ብለውኝ አልነበር?»

ሰዓት ሠሪው ቀና አላሉም። «ከከፈትከው በኋላ እስክትጽፍ ስንት ደቂቃ ቆየህ?»

ሁሉን ነገር የምለካ ሰው እሱን አልለካሁም። ያላረጋገጥኩትን መናገር ስለማልወድ፣ ልለካ ወደ ቤት ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት የላቦራቶሪውን የጊዜ መቁጠሪያ አጠገቤ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ብዕሩን ስከፍት አስነሳሁት፤ ልጽፍ ስል አቆምኩት። አርባ ሦስት ደቂቃ። በማግስቱ ሠላሳ ስምንት። በሦስተኛው ቀን ሃምሳ አንድ፤ ሥራም አረፈድኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በሦስቱም ቀን አንድ ቃል አልተጻፈም።

ቁጥሮቹን ይዤላቸው ሄድኩ። ሰዓት ሠሪው ወረቀቱን አይተው ሳቁ።

«አፉን ከፍቶ ይህን ያህል የሚጠብቅ ብዕር አልተሠራም። ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለባለቤቴ።»

«ምን ልትላት?»

«እሱን ነው የማስበው።»

«እንግዲያው ከድነህ አስብ» አሉኝና ብዕሩን በእጄ አስጨበጡኝ። «ይሄ ድኗል። ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ።»

እንግዲህ ይኸው፤ የደረስኩበትን ሁሉ ሳልደብቅ አስቀምጫለሁ። የብዕሩን ክዳን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ሳይከደን ቆይቷል ያልሽውም እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ አምናለሁ። አልተተወም ግን። ሁልጊዜ በእጄ ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለምና በሚቀጥለው ጽሑፍሽ እንድታስተካክዪው እጠይቃለሁ።

በዚያ ሁሉ ደቂቃ ምን ሳስብ እንደነበር ማወቅ ከፈለግሽ፣ ማመልከቻሽን ነው። ለአዋላጆች ማሠልጠኛው፣ አሁን ላለሽበት ሥራ የጻፍሽውን። ያኔ «አንብበው» ብለሽ ሰጠሽኝ። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ሰባት ቦታ አረምኩና «አሁን ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩልሽ። ወረቀቱን ይዘሽ በሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆመሽ ነበር። እርማቶቼን የምታነቢ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን እንዳላየሽው፣ እኔን ታዪኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ባለፈው ሰሞን፣ በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው።

ሰባቱም እርማቶች ትክክል ነበሩ። ዛሬም እቆምላቸዋለሁ። ስምንተኛውን ነው ያልጻፍኩት፤ እርማት ያልሆነውን።

አሁን ወደ ቅጥሩ ልምጣ፤ አስተያየት ጠይቀሻልና። ፈርሚ አልልሽም፣ አትፈርሚ አልልሽም። በዚያ ሥራ ካንቺ የሚሻል ሰው አላውቅም፤ ይህን የምለው ልብሽን ለማለስለስ አይደለም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስላየሁሽ ነው። አብረሻቸው የምትሠሪያቸው ሰዎችም ይህን በስድስት ወር ውስጥ ካወቁ ብልሆች ናቸው። ከዚህ በተረፈ፣ አንቺ ያለሽበት ከተማ የውሃ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሐምሌ ላይ ጡረታ እንደሚወጡና በቦታው ገና ሰው እንዳልተመደበ በሥራ አጋጣሚ ሰምቻለሁ። ለመረጃ ያህል ነው የምነግርሽ። የምትኖሪበት ክፍል መስኮትስ አለው? ሥሩ ጠረጴዛ የሚያስገባ ከሆነ ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፤ በእርምጃ እንዳትለኪ። በሕይወት የተረፉት ሁለቱ አበቦችም ብርሃን ይፈልጋሉ።

ብዕሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት በሱ ነው። አስቀድሜ ከድኜ አስቤ፣ ከዚያ ከፍቼ ያለማቋረጥ ጻፍኩ፤ መስመሩ የትም አልተቆራረጠም፣ ማየት ትችያለሽ። ዛሬ ቀለም ሞልቼ በሁለት ጣት ከድኜዋለሁ። እስከ ሰኔ 3 እንዳትከፍቺው። በአሥረኛው ቀን ክፈቺና ሳታራግፊው፣ ውሃ ሳታስነኪው፣ በመጀመሪያው ጭረት ይጽፍ እንደሆነ ሞክሪው። ይጽፋል። በዚህ ላይ እፈርማለሁ።

ምን እንደምትጽፊ ግን አስቀድመሽ አስቢ፤ ከድነሽ።

በእጅሽ የሚወለዱ ልጆች ሁሉ አልቅሰው ይጥገቡ፤ የምታሠለጥኛቸውም እጃቸው እንዳንቺ እጅ የረጋ ይሁንላቸው። ምሽት ላይ ስትመለሺ ትከሻሽን አልብሺ፤ ብርድ ሲመታሽ ለሳምንት እንደሚያስልሽ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መልስሽን እጠብቃለሁ። የስልክ መልስ አልቀበልም፤ በሰው አፍ የሚላክ ሰላምታም እንደ መልስ አይቆጠርልኝም። በጽሑፍ፣ በዚሁ ብዕር፣ የመስኮቱ ልክ ተካትቶበት፣ ከመፈረምሽ አምስት ቀን አስቀድሞ፣ እስከ ሰኔ 10 ቀን እጄ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ባልሽ