«እንትን» እና «ሌላው እንትን»

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ይብዛልኝ። እኔ የቀጠሮ ፕሮግራሙ ሠራተኛ፣ ሆዴ ከጠረጴዛው ጋር በቦታ ከመጣላቱ በቀር እጅግ ደህና ነኝ። እንደሚያውቁት የወሊድ ፈቃዴ ደርሷል። ከመውጣቴ በፊት የተዝረከረከውን ኮድ ላጽዳ ብዬ ሁለት ሳምንት እንዲሰጡኝ ብለምንዎ «ሥራው ይረጋጋና» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራችን ተረጋግቶ አለማወቁ መቼም የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

አቤቱታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩ኛ. ኮዱን የጻፉት የቀድሞ ባለሙያ ችኩል ሰው ስለነበሩ ማዋለጃ ክፍሉን «እንትን»፣ ጥርስ ክፍሉን «ሌላው እንትን» ብለው ሰይመዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ማስተካከያ ሲገባበት ሁለቱ እንትኖች ይቀያየሩ ጀመር። ምጥ የያዛት እናት ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሐኪሙም ጨዋ ሰው ናቸውና አፏን እንድትከፍት በትሕትና ጠየቋት። ደግነቱ ጩኸቷ ሁሉን ነገር ግልጽ አደረገው። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

፪ኛ. እርስዎ ይህን ሰምተው «የሚሠራ ነገር አይነካካም» የሚል መመሪያ ሰጡን፤ በጥርስ ክፍሉ በርም ላይ «ነፍሰ ጡሮች እዚህ አይደለም» የሚል ወረቀት አስለጠፉ። የሆስፒታሉ ሶፍትዌር በማስቲሽ ሲጠገን በማየቴ ኮርቻለሁ።

፫ኛ. ሁሉም ፈርሶ ይሠራ አላልኩም። ማንም የማይደርስበት አሮጌ ኮድ ጥጉን ይዞ ይተኛ፣ በበኩሌ ግድ የለኝም። ይህኛውን ግን በየሳምንቱ እየነካካነው ነውና ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ እፈራለሁ። የምወልደው እዚሁ ነው። እኔን የሚተካው ባልደረባዬም ኮዱን ከፍቶ «የትኛው እንትን?» ብሎ የሚደውልልኝ ልክ ምጥ ሲጀምረኝ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የትዕግሥትዎን ርዝመት ሳደንቅ የምኖር፣ ምጥ እስኪይዘኝ ድረስ ብቻ ታዛዥዎ የሆንኩ፣
የቀጠሮ ፕሮግራም ሠራተኛዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መንጋጋዎን እንዳመመዎት ሰምቼ በጣም አዘንኩ። የነገው ቀጠሮዎ ማዋለጃ ክፍል ሆኖ ወጥቷል፤ የሚሠራ ነገር ስለማይነካካ አልነካሁትም። አዋላጆቹ «አይዞዎት፣ ያምጡ» ሲሉዎ እንዳይደነግጡ። ከወዲሁ እንኳን ማርያም ማረችዎ።