ማዕቀብዎ ጌጃ ሰፈር ደርሷል

በመንግሥታችን ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ለፈረሙት ክቡር ሚኒስትር፣
ባሉበት፣ ባሕር ማዶ

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ልጆችዎ ጤናቸው እንዲጠበቅ፣ የሚታከሙበትም ሐኪም ቤት መለዋወጫ እንዳይቸግረው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር የምኖር ልብስ ሰፊና የሰፈራችን እድር ዳኛ ነኝ። ፀሐይቱ የምትባል የስኳር በሽተኛ ልጅ አለችኝ፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትቆምም። ስለዚህ ፊርማዎ እኛ ቤት በሚገባ ይታወቃል።

፩ኛ. ማዕቀቡ መድኃኒትን አይነካም ብለው በሬዲዮ ስላስነገሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። እውነትም መድኃኒቱን አልነኩትም። የነኩት መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን የማቀዝቀዣ መለዋወጫ ብቻ ነው። የሐኪም ቤቱ ማቀዝቀዣ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆመ፤ የተሠራው በአገርዎ ስለሆነ የሌላ አገር ዕቃ አልገጥም አለው፤ የልጄ ኢንሱሊን በጠርሙሱ እንዳለ ተበላሸ። አሁን ከሜክሲኮ እስከ ተክለ ሃይማኖት መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ስዞር እውላለሁ፤ የቀናኝ ዕለት ያገኘሁትን እንዳይሞቅ ከውሃ እንስራው ጎን አስቀምጣለሁ።

፪ኛ. ሕዝቡ ሲጨንቀው መሪዎቹን ይገሥጻል የሚለው ሐሳብዎ እጅግ የረቀቀ ነው። ነገር ግን ልጄን አዝዬ የማንን በር እንዳንኳኳ እንደታሰበ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባለሥልጣን ሲታመም በየትም አገር አውሮፕላን ይጠብቀዋል፤ ፀሐይቱን የሚጠብቃት እንስራው ነው። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ የሰው ልብስ አጣምሜ ሰፍቼ፣ ስፌቱን ስፈታ የምውልበት ቀን አለ።

፫ኛ. ማዕቀብ እኛም እናውቃለን። አቶ ደጉ የሚባሉ ጎረቤታችን ለማንም ቀብር አልወጣም ብለው አስቸገሩና እድራችን አገለላቸው። በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው አረፉ። ደንባችን ለተገለለ ሰው ድንኳን አይተከልም ይላል። እኛ ግን ድንኳኑን ተከልን፣ ሬሳውን ተሸክመን በወግ ቀበርን፤ አቶ ደጉን ከሠልስቱ በኋላ ለብቻቸው ጠርተን ልክ ልካቸውን ነገርናቸው። ጥፋቱ የእርሳቸው ነበር፣ የሟቿ አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ በእኛ ሰፈር ነውር ነው።

ልጄ በሕይወት እስካለች ድረስ ፊርማዎን የማይዘነጋው፣ አክባሪዎ፣

ዓባይነህ ወልደገብርኤል
ጥቅምት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን ደብዳቤ በስብሰባ ላይ አስነብበው፣ ኢምፔሪያሊዝምን አጋልጧል ብለው አጨበጨቡና ማኅተም መቱበት። ይህችን ከማኅተሙ በታች የጨመርኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ፣ ፀሐይቱ መርፌዋን ወስዳ ድንገት ብትዝለፈለፍ የምትቀምሰው ስኳር ከአጠገቧ እንዳይጠፋ አደራ ብሎናል። እኔ መድኃኒት ፍለጋ ስንከራተት ከስብሰባ በመቅረቴ፣ ሊቀመንበሩ ለቤታችን ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንዳይሸጥ አዝዘዋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ በማዕቀብ ሥራ ብቻዎን የቀሩ እንዳይመስልዎ፤ የሚመካከሩት ሰው ቢፈልጉ እዚህ ጌጃ ሰፈር አለልዎ።