የሰዓዳ ፍሪዘር

ዓርብ

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሂልቶፕ ሰፈር፣ ሰዓዳ ቤት ሄጄ፣ «አይዞሽ፣ ዘንድሮ ፍሪዘርሽን እኔ በአጋዘን ሥጋ እሞላዋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የገባኝ። እኔ በስመ አብ ብዬ የገደልኩትን እሷ እንዴት ትበላለች? ከባሏ ከጀማል ጋር ስንት ዓመት አድነን ይህ ይጠፋኛል? የሱ ለሱ ቤት፣ የኔ ለኔ ቤት ነበር። ቢላዋችን እንኳ ለየብቻ ነው፤ የሱ እጀታ አረንጓዴ ፕላስተር፣ የኔ ቀይ። ሥጋ ቤት አንወስድም፣ ማሽኑ አሳማም ይፈጭበታል። ብልቱን የምናወጣው እሱ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጀማልን ከቀበርን ወዲህ ጋራዡን የከፈተው የለም።

ቅዳሜ

የጀማል ትልቋ ልጅ ኢክራም ከእናቷ ሰምታ ኮል አደረገችኝ። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። «ጋሼ ታደሰ፣ እኔ ሹት አደርጋለሁ። ላይሰንስ አለኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ የአደን ኮርሱን አባቷ አስወስዷታል። አደን ግን ወጥታ አታውቅም።

ተኩስ መለማመጃ ወስጄ አስሞከርኳት። የአባቷ ሾትገን ተራግጦ ትከሻዋን አሳመማት። ቃታ ያለው ቀስቱ ይሻላታል፣ አይራገጥም። ችግሩ አጋዘኑ በጣም መቅረብ አለበት። አዳኝ የሚለብሰው ብርቱካናማ ሰደርያም የአባቷ ነው፣ ሰፍቷታል። ልግዛልሽ ብላት እምቢ አለች። አሸተተችው። ፊቴን አዞርኩ።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ዕቃ ሰበሰብኩ። ቀስት፣ ገመድ፣ ጓንት፣ ሻይ በፔርሙዝ። የነቢያት ጾም ገብቷል። ጀማል በየዓመቱ፣ «አንተ የምታድነው ለገና፣ እኔ ለዛሬ ማታ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ዘንድሮ የሚስቅብኝ የለም። ናፈቀኝ። በቃ፣ ናፈቀኝ።

ሰኞ

ከኢክራም ጋር ጫካ ውስጥ የአደን ማማ ላይ ወጥተን ስንጠብቅ መጣች። ደልደል ያለች ሴት አጋዘን፣ ከማማችን ሥር ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ኢክራም «ቢስሚላህ» ስትል ድምጿ ተሰበረ፣ ልቅሶ ሆነ። አጋዘኗ ነጭ ጭራዋን አንስታ ጠፋች። እኔ በጠመንጃዬ እደርስባት ነበር። አልተኮስኩም። የኔ ፍሪዘር ይቆይ።

«አይም ሶሪ፣ ጋሼ» አለች። «አባትሽም ሲጀምር ስንቱን አስመልጧል» አልኳት። ውሸቴን ነው። ያ ሰው አይስትም ነበር።

ማክሰኞ

ዛሬም አንዲት ሴት አጋዘን ቀረበችን፤ ኢክራም ግን አላለቀሰችም። ቢስሚላህ አለች፣ ቃታውን ሳበች። ወዲያው ልትወርድ ስትል ክንዷን ያዝኩ፤ የቆሰለ ቶሎ ከተከተሉት ይርቃል። ቆየት ብለን ደሙን ተከተልን። ጅረቱ ዳር ሞታ አገኘናት።

ጋራዡን ሰዓዳ ራሷ ከፈተችልን። ቀዩን ቢላዋዬን ሳወጣ ኢክራም ተቀብላኝ ወደ ጎን አስቀመጠችውና አረንጓዴውን ሰጠችኝ። ጀማል በሕይወት እያለ አንድ ቀን አልነካሁትም። ፕላስተሩ በሱ ጣት ልክ ጎድጉዷል፣ የኔ ጣት አልገጠመውም። እያለቀስኩ ብልት አወጣሁ። ማንም ተው አላለኝም።

ፍሪዘሩ ሞላ። ሰዓዳ ለልጆቿ ጠበሰች፣ ለኔ ሽሮ አቀረበች። «ለገና ያንተስ?» አለችኝ። ብቻዬን ማማ ላይ አልወጣም አልኳት። ኢክራም አፏ ሥጋ እንደሞላ፣ «አይል ካም ዊዝ ዩ፣ ጋሼ» አለች። አብራኝ ልትወጣ!

የሱ ቢላዋ ታጥቦ ቦታው ተሰቅሏል። የኔን ረስቼው መጣሁ። አጠገቡ ይደር።