ባለቤቴን ለማያውቀው ሰው ወንድም ላደረገው ጽሕፈት ቤት

ለክቡር አቶ ሙባረክ፣
የሾፌሮች የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
አዳማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎንስ ተሻለዎ? ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ሐኪም ጋ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የእርስዎ ጤና ሲያስጨንቀኝ ከርሟል። አላህ ፈጥኖ ይማርዎ፤ ወንበርዎ ላይ ለመቀመጥም ያብቃዎ።

እኔ ዋፊቃ ኡበይደላ እባላለሁ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ድረስ ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ አምና ያረፈው የማኅበርዎ አባል የደሊል አብደላ ሚስት ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን በወራሾቹ ስም እንዲዛወር ሳመለክት፣ ጽሕፈት ቤትዎ የደሊል ብቸኛ ቤተሰብ የቢሾፍቱው አቶ ረሻድ አብደላ መሆናቸውን ገልጾ፣ እኔ፣ ልጄ ፋዲላና አማቴ ሑስና ቤቱን እንድንለቅ አሳሰበን። ደሊል ወንድም አልነበረውም። አቶ ረሻድን በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም፤ አባቶቻቸውም ስማቸው ከመገጣጠሙ በቀር የማይተዋወቁ ሁለት አብደላዎች ናቸው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ወንድም እንዲያገኝ ስላደረጉልን ውለታ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ያልገቡኝን ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ይህን ዝምድና የአባላት መዝገብ በያዘው የኮምፒውተር ፕሮግራማችሁ ውስጥ ማን ፈጠረው ብዬ ስጠይቅ፣ ሠራተኞችዎ ተማክረው ያደሩ ይመስል በአንድ ድምፅ «ላይብረሪው ነው» አሉኝ። ላይብረሪው ምን እንደሚል ላንብበው ስላቸው ደግሞ «የውጭ አገር ምስጢር ስለሆነ አይታይም» አሉኝ። እኔ የምተዳደረው ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር በማስተማር መሆኑን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ላይብረሪ የተባለው መጻሕፍት የሚደረደሩበት ክፍል ሳይሆን፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ሠርተው በነጻ የሰጡት ዝግጁ ኮድ ነው። በፕሮግራሙና በመረጃ ቋቱ መካከል ቆሞ ያስተረጉማል፤ ፕሮግራሙ «አባል»፣ «ቤት»፣ «ቤተሰብ» ሲለው ወደ ቋቱ ሰንጠረዦች መልሶ ይጽፍለታል። ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ የሚነግረው ግን ሰው ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የተባለውን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ስለመለሰ ፈረደብኝ ተብሎ አይከሰስም።

ምስጢር የተባለው ኮድ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ዓለም ሁሉ እንዲያየው ተዘርግቶ ተቀምጧል። ፋዲላን እያስተኛሁ ሳነበው ሰነበትኩ። አብደላ የሚል አንድም ቃል አጣሁበት። ሁለተኛ ስማቸው የተመሳሰለ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው እዚሁ አዳማ፣ ከእርስዎ ቢሮ ጎን ባለው ክፍል ነው። ሚስት የአባቷን ስም ይዛ በምትኖርበት፣ ልጅ በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለአንድ አባወራ ከገዛ ቤቱ አንድም ዘመድ አያስቀርለትም። ልጄ ፋዲላ ደሊልም የአባታቸው ስም ደሊል ከሆነ፣ ሁሩታ ከተማ እህል ከሚነግዱ ሽማግሌ ጋር እኅትና ወንድም ተብላለች። ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ወንድም ውለጂልኝ እያለች ታስቸግረኝ ስለነበር፣ ስለዚህኛውም አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ፕሮግራሙን የጻፈልዎ አማኑ የተባለው ባለሙያ አገር ጥሎ እንደሄደ ተነግሮኝ ነበር። የሄደበት አገር ሞጆ ሆኖ አገኘሁት። የትዳር ጓደኛና ልጅ የሚመዘገብበትን ቦታ ሠርቶ ጨርሶ እንደነበር፣ ከዚያ ግን «ለጊዜው አውጣው» ተብሎ እንዳወጣው ነገረኝ። ያዘዘህ ማን ነው ስለው ስኳሩ ድሮ የሟሟ ሻዩን ሲያማስል ቆየና ተነስቶ ሄደ። እኔ ማንንም አልጠረጥርም፤ ሻዩ ግን በጣም ተማሰለ።

፫ኛ. አቶ ረሻድ የቤታችንን ግቢ በሜትር ሲለኩ ያገኘኋቸው የእርስዎ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ በፊት ነው። «ምን ላድርግ እታለም፣ ሲስተሙ ወንድም አደረገን እኮ!» አሉኝ፣ እንደ ማዘን ብለው፤ ከዚያም ከመንገድ በኩል ስንት ሱቅ እንደሚወጣው ጠየቁኝ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሲስተም ቢሾፍቱ ስልክ አይደውልም። ታዲያ የምሥራቹን ማን ነገራቸው?

አራተኛ ነገር ነበረኝ፤ ከትሕትና ስለሚያወጣኝ ትቼዋለሁ። እውነቱን ግን ልንገርዎ፦ ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም። ያ ቤት ደሊል ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ እየተነሳ ብሎኬት የደረደረበት ቤት ነው። ሕመሙ ሲጠናበትም ያጽናናው ነገር ቢኖር፣ ልጁና እናቱ ሜዳ ላይ እንደማይወድቁ ማሰቡ ነበር።

ለሚሰጡኝ መልስ፣ መልስም ባይሰጡኝ ለዝምታዎ፣ ከወዲሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ባዕድ መሆናችንን ጽሕፈት ቤትዎ እስኪገልጽልን ድረስ ያልጠረጠርን፣

የሟች ደሊል ምንም ያልሆንኩት ሚስቱ፣
ዋፊቃ ኡበይደላ

ግልባጭ፦
ላይብረሪውን በነጻ ለሚሠሩ ባለሙያዎች፤ ስማቸው አዳማ ላይ በምን እየተነሳ እንደሆነ እንዲያውቁት።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ በላኩልኝ ደብዳቤ ላይ ከማኅተምዎ ሥር ያለውን ሙሉ ስምዎን አነበብኩት፤ ሙባረክ አብደላ ይላል። እርስዎም የማኅበሩ አባል ነዎትና፣ ሲስተሙ አብደላዎችን በእኩል ዓይን የሚያይ ቢሆን ኖሮ ከአቶ ረሻድ ጎን እርስዎም ወንድም ተብለው መውጣት ነበረብዎ። ስምዎን ከመካከል ማን እንዳወጣው አልጠይቅም። ለአማቴ ለሑስና ግን በጽሕፈት ቤትዎ ሕግ መሠረት ሌላም ልጅ እንዳላት ነግሬያታለሁ። ያላት አንድ ልጅ ነበር፣ እሱንም ቀብራለች፤ ስለዚህ ደጋግማ አስነገረችኝና ልብሷን መሸከፍ ጀመረች። እሑድ ቤትዎ ይዣት እመጣለሁ። እስከዚያ ከሁለት አንዱን ይምረጡ፦ ወይ እኔ የደሊል ሚስት ነኝ፣ ወይ እርስዎ የሑስና ልጅ ነዎት።